ልጆቻችንን ይዘን ከትልቁ ከተማ እንውጣ ወይስ እንቆይ?

የሁለት ልጆች አባት (ጥያቄ)

ከባለቤቴ ጋር ስምንት ወር ሙሉ ስንመክርበት ቆይተን መቋጫ ያጣንለትን ጉዳይ ላማክራችሁ ፈልጌ ነው። የምንኖረው በትልቅ ከተማ ውስጥ፣ ቀን ከሌት መኪና ከማይጠፋበት አውራ መንገድ ዳር በሚገኝ ሕንፃ ላይ ነው። ሴት ልጃችን ዘጠኝ ዓመት ተኩል ሆኗታል፤ ታናሽ ወንድሟ አራት ዓመቱ ሲሆን የአስም ሕመም አለበት። እኔ ጠዋት ልጆቹ ሳይነቁ ከቤት እወጣለሁ፤ ማታ ስመለስም ትንሹ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ይቆየኛል። ለሥራ ስመላለስ በመንገድ ላይ ብቻ በቀን ሦስት ሰዓት ያህል ያልፍብኛል።

አሁን ባለቤቴ የምትሠራበት ድርጅት፣ ከዚህ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል በምትርቅ አነስተኛ ከተማ ወደሚገኘው ቅርንጫፉ ሊያዛውራት ፈቃደኛ ሆኗል። የእኔ ዓይነት ሥራ በዚያች ከተማ አይገኝም፤ ሆኖም አለቃዬ በሳምንት ሦስት ቀን ከቤት ሆኜ፣ ሁለት ቀን ደግሞ እዚህ እየመጣሁ እንድሠራ ሊፈቅድልኝ እንደሚችል በቃል ነግሮኛል። ንጹሕ አየርና ልጆች ሳይፈሩ የሚሮጡበት ሰፊ ግቢ ሳስብ ልቤ ወደ መሄድ ያዘነብላል። ነገር ግን ልጄ ጓደኞቿንና ትምህርት ቤቷን ትወዳለች፤ እናቴም በአቅራቢያችን ስለምትኖር ሁለቱንም ከትምህርት ቤት የምትቀበላቸው እሷ ናት። ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሣኝ፣ «ለልጆቹ ብለን» የምንለው ውሳኔ በእርግጥ ለእነሱ ነው ወይስ የገዛ ራሳችንን ድካም ለመሸሽ ነው የሚለውን ለይቼ ማወቅ አለመቻሌ ነው። ወጥታችሁ የቀራችሁም ሆነ ወጥታችሁ የተመለሳችሁ፣ መጀመሪያ ምን መመዘን እንደነበረባችሁ ብትነግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ከስድስት ዓመት በፊት የወጣች እናት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የዛሬ ስድስት ዓመት እኔና ባለቤቴ በየማታው የምንነጋገረውን የሰማሁ ያህል ተሰምቶኛል። እኛ ወጥተን ቀርተናል፤ በውሳኔያችንም አልተጸጸትንም። ይሁን እንጂ ያገኘነው ነገር እናገኘዋለን ብለን ያሰብነው አልነበረም። ስንወጣ ያሰብነው ስለ ዛፉና ስለ ሜዳው ነበር፤ ልጆቹ ግን ሜዳውን በሁለት ወር ውስጥ ለመዱትና እንደማንኛውም የቤት ዕቃ አዩት። ሕይወታችንን የለወጠው ከመንገድ ላይ ተርፎ ወደ ቤት የገባው ሰዓት ነው። ባለቤቴ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤት መድረስ ሲጀምር፣ ልጆቹ ቀኑን እንዴት እንደዋሉ የሚያወሩለት ሰው አገኙ፤ ትልቁ ልጄም ትምህርት ቤቱ ቅርብ በመሆኑ በስምንት ዓመቱ ብቻውን በእግሩ መሄድ ጀመረ። ከተማ ሳለን ያለ እጄ መንገድ ተሻግሮ የማያውቅ ልጅ፣ የራሱን ቁልፍ በአንገቱ አንጠልጥሎ በኩራት ሲመለስ ማየት በምንም አልለውጠውም።

ስለዚህ የምመክርህ፣ ከመወሰንህ በፊት የአንድ ሳምንት ሰዓትህን በወረቀት ላይ እንድታሰፍር ነው። ከልጆችህ ጋር ነቅታችሁ የምታሳልፉት ስንት ሰዓት ነው? በአዲሱ ቦታስ ስንት ይሆናል? እዚህ ላይ ራስህን አታታልል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ከተማ መሄድ ማለት፣ በአንድ ቀን ደርሰህ ከተመለስክ ስድስት ስድስት ሰዓት በመንገድ ላይ ማሳለፍ፣ ካልተመለስክ ደግሞ ከቤት ውጭ ማደር ነው። አሁን በሳምንት አምስት ቀን ሦስት ሦስት ሰዓት ካባከንክ ድምሩ አሥራ አምስት ነው፤ በአዲሱ ሁኔታ አሥራ ሁለት ይሆናል። በቁጥር ሲታይ ትርፉ ትንሽ ነው። ከቤት የምትሠራባቸው ሦስት ቀናት ከልጆችህ ጋር በእርግጥ የምትገናኝባቸው ከሆኑ ግን፣ ሁለቱን የድካም ቀናት ሊክሱ ይችላሉ። ይህን አንተና ባለቤትህ ብቻ ናችሁ ማወቅ የምትችሉት። የአለቃህን የቃል ፈቃድ ግን በጽሑፍ ሳትይዝ አንድም ሳጥን እንዳታሽግ፤ እኛ በቃል የተሰጠን ፈቃድ አዲስ ኃላፊ በመጣ በአራተኛው ወር ተሽሮብን፣ ባለቤቴ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ ተቸግረናል።

የመጀመሪያው ዓመት ለልጆቹ ሳይሆን ለእኔ ከባድ እንደነበረም ልሸሽግህ አልፈልግም። ልጆች በትምህርት ቤት በኩል ወዲያው ወዳጅ ያገኛሉ፤ ዐዋቂ ሰው ግን ሲያመው ልጆቹን የሚይዝለት ጎረቤት እስኪያገኝ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። እናትህ ዛሬ የምትሰጣችሁን እርዳታ እዚያ ማን እንደሚተካው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የሕፃናት ሐኪም

ስለ ትንሹ ልጅዎ አስም ብቻ ልናገር፤ ምክንያቱም ብዙ ወላጆች «ከከተማ ውጡ» የሚል ምክር ከዘመድ ሰምተው ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ምክሩም ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ደግሞ ያልተሟላ ነው።

እውነቱ የመኪና ጭስ የሕፃናትን ሳንባ የሚጎዳ መሆኑ ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ 3,677 ልጆችን ከ10 እስከ 18 ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ ከፈጣን አውራ ጎዳና በ500 ሜትር ክልል ውስጥ የሚኖሩ ልጆች ሳንባ፣ ከ1,500 ሜትር በላይ ርቀው ከሚኖሩት ልጆች ሳንባ ያነሰ ዕድገት እንዳሳየ አረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 በአየር ውስጥ ሊኖር የሚገባውን የደቃቅ ብናኝ ዓመታዊ መጠን በአንድ ሜትር ኪዩብ ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጎታል። እንግዲህ ርቀቱን ልብ ይበሉ፤ ጥናቱ ያነጻጸረው ከተማንና ገጠርን ሳይሆን፣ ለመንገድ መቅረብንና ከመንገድ መራቅን ነው። እዚያው ትልቁ ከተማ ውስጥ ሆነው ከአውራ መንገዱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ገባ ወዳለ ሰፈር ቢዛወሩ፣ ልጅዎ ከሚያገኘው ጥቅም ትልቁን ክፍል ሊያገኝ ይችላል፤ እናትዎም አይርቁባችሁም።

ያልተሟላው ደግሞ «የገጠር አየር አስምን ይከላከላል» የሚለው ነው። በአሜሪካ አሚሽ እና ሃተራይት የሚባሉ፣ በዘር ሐረጋቸውም ሆነ በአኗኗራቸው የሚቀራረቡ ሁለት የገበሬ ማኅበረሰቦች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ላይ እንደተገለጸው፣ በአሚሽ ተማሪዎች ዘንድ አስም ያለባቸው 5 ከመቶ ያህል ሲሆኑ፣ በሃተራይቶቹ ዘንድ ግን 21 ከመቶ ናቸው። ሁለቱም የሚኖሩት ከከተማ ርቀው ነው። ልዩነቱ አሚሾቹ በባህላዊ መንገድ የሚያርሱና ከብቶቻቸው ከመኖሪያ ቤታቸው አጠገብ የሚያድሩ መሆናቸው፣ ሃተራይቶቹ ደግሞ በትልልቅ መሣሪያ የሚያርሱና የከብት በረታቸው ከቤታቸው የራቀ መሆኑ ነው። ከዚህም ሌላ የአሚሽ ልጆች በዚያ አካባቢ የኖሩት ከተወለዱ ጀምሮ ነው፤ አስም ያለበትን የአራት ዓመት ልጅ ወደ ገጠር መውሰድ ሕመሙን ያጠፋል የሚል ተስፋ አልሰጥዎትም። የአበባ ብናኝ፣ የማገዶ ጭስ ወይም የአፈር መንገድ አቧራ ያለበት ቦታ ከሆነም ሕመሙ ሊብስበት ይችላል።

ሳይመዝኑ እንዳያልፉት አጥብቄ የምለምንዎ አንድ ነገር አለ። አስም በሌሊት ይነሣል። ከምትሄዱበት ቤት እስከ ቅርቡ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ድረስ በሌሊት በምን ያህል ደቂቃ እንደሚደረስ፣ ክፍሉ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ መሆኑን፣ ኦክሲጅንና ለሕፃናት የሚሆን የመተንፈሻ መሣሪያ እንዳለው በአካል ሄደው ያረጋግጡ። የስልክ መልስ አይበቃም።

የመለስተኛ ደረጃ መምህር

በሃያ ሁለት ዓመት የማስተማር ሥራዬ ከሌላ ቦታ ተዛውረው የመጡ ብዙ ልጆችን ተቀብያለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ በሦስተኛው ሳምንት የመጣበትን ይረሳል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን በዓመቱ መጨረሻም በዕረፍት ሰዓት ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ አየዋለሁ። ስለዚህ የእርስዎን ጉዳይ ሳስብ ዓይኔ የሚያርፈው ዘጠኝ ዓመት ተኩል በሆናት ልጅ ላይ ነው።

ይህ የእኔ ገጠመኝ ብቻ አይደለም። በዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1997 የተወለዱ ከ1.4 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎችን መዝገብ የመረመረ ጥናት፣ በልጅነት ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላ መዛወር ከኋለኛ ዕድሜ የአእምሮና የማኅበራዊ ሕይወት ችግሮች ጋር የሚያያዝ ሆኖ አግኝቶታል፤ ግንኙነቱም ጎልቶ የታየው ከ12 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ በተዛወሩት ላይ ነው። በእርግጥ ቤተሰብ የሚዛወረው አንዳንዴ በፍቺ ወይም በሥራ ማጣት ምክንያት ስለሆነ፣ ጉዳቱ ሁሉ የመዛወሩ ነው ማለት አይቻልም። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1998 በአምስት ትልልቅ ከተሞች በድህነት ከተጎዱ ሰፈሮች ወደ ተሻሉ ሰፈሮች እንዲዛወሩ በዕጣ ዕድሉ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ነበሩ። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎቹ ራጅ ቼቲ፣ ናትናኤል ሄንድረንና ሎረንስ ካትዝ ልጆቹ ካደጉ በኋላ ገቢያቸውን ሲመረምሩ፣ 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩት በሃያዎቹ አጋማሽ ዕድሜያቸው ዕጣው ካልደረሳቸው ልጆች በ31 ከመቶ የሚበልጥ ገቢ እንዳላቸው፣ ከዚያ በኋላ የተዛወሩት ግን እንዳልተጠቀሙ አገኙ። የእርስዎ ቤተሰብ ሁኔታ ከእነዚያ ቤተሰቦች ይለያል፤ ነገሩን ያነሣሁት ስለ ዕድሜው ብዬ ነው። የምትሄዱ ከሆነ በሚቀጥለው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ውስጥ ሂዱ፤ ካልሆነም ልጅቷ ሁለተኛ ደረጃን እስክትጨርስ ባለችበት አቆዩአት። የምፈራላችሁ፣ እያመነታችሁ ሦስት ዓመት ቆይታችሁ አሥራ ሦስት ሲሞላት ከጓደኞቿ እንዳታፈናቅሏት ነው።

ትምህርት ቤቱን ስትመርጡም ስሙን ብቻ አትጠይቁ። በአንድ ክፍል ስንት ልጆች እንዳሉ፣ መምህራን ለስንት ዓመት እንደሚቆዩ፣ ልጆቹ በቀን ስንት ጊዜ ወደ ውጭ እንደሚወጡ ጠይቁ። በቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ በ12 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተደረገ ሙከራ፣ በየትምህርት ቀኑ የ40 ደቂቃ የውጭ ክፍለ ጊዜ የተጨመረላቸው ልጆች በሦስት ዓመት ውስጥ የሩቁን አጥርቶ የማየት ችግር የያዛቸው 30.4 ከመቶ ሲሆኑ፣ ካልተጨመረላቸው ግን 39.5 ከመቶ ነበሩ። ጓንግዡ ከታላላቅ ከተሞች አንዷ ናት። ልጆቹ የተጠቀሙት ከተማቸውን ለቀው ሳይሆን ከክፍላቸው ወጥተው ነው።

ሄዶ የተመለሰ

እኛ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሰናል። ቦታው መጥፎ ስለነበረ አይደለም፤ የባለቤቴ ሥራ ሲቋረጥ በዚያች ከተማ ለሙያዋ የሚሆን ሌላ ቀጣሪ አልነበረም። በትልቅ ከተማ ሥራ ያጣ ሰው ሰፈሩን ሳይለቅ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ በትንሽ ከተማ ግን ሥራ ማጣት ብዙ ጊዜ ቤት ማጣትም ይሆናል። እኛን የጎዳን የከተማውን ቤታችንን መሸጣችን ነው። ስንመለስ በሸጥንበት ዋጋ የሚገኝ ቤት በሰፈራችን አልነበረም። ወንድሜ፣ ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ ቢያንስ ለአንድ ዓመት አከራዩት እንጂ አትሽጡት።

የሁለት ልጆች አባት (ጠያቂው)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያላችሁኝን ይዤ ከባለቤቴ ጋር ሁለት ምሽት ተቀምጠን ተነጋግረናል። እንደተመከርኩት የሳምንቱን ሰዓት ጻፍኩት፤ ከትንሹ ልጄ ጋር ሁለታችንም ነቅተን ያሳለፍነው ጊዜ፣ ከእሑድ በቀር፣ አራት ሰዓት እንኳ አልሞላም። ይህን ቁጥር ሳየው የመጀመሪያው ጥያቄዬ መልስ ያገኘ መሰለኝ፤ የእኔ ድካምና የእነሱ ጉዳት ለካ አንድ ነገር ነበሩ።

ሐኪሙ የጠቀሱት ርቀት ባለቤቴን በጣም አሳስቧታል። ስለዚህ የትም ብንሄድ ከዚህ መንገድ ዳር እንደምንነሣ ወስነናል። ወደ ትንሿ ከተማ መሄዱን ግን ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ለስድስት ሳምንት ያህል ቤት ተከራይተን እንሞክረዋለን፤ እኔም በእነዚያ ሳምንታት በሳምንት ሁለት ቀን እየተመላለስኩ፣ ሁኔታው ወደፊት እንደሚሆነው አድርጌ እይዘዋለሁ። የድንገተኛ ሕክምና ክፍሉን በመጀመሪያው ሌሊት ሄጄ አየዋለሁ። እናቴን ስንጠይቃት «ልጁ በደንብ የሚተነፍስበት ቦታ ከተገኘ እኔም እከተላችኋለሁ» አለችን፤ ይህን ከእሷ እንሰማለን ብለን ፈጽሞ አልጠበቅንም ነበር።

ልጃችንን ግን ገና አልነገርናትም። መምህሩ ጊዜ ካገኙ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ነገር ከሙከራው በፊት መንገር ይሻላል ወይስ ቦታውን ካየችው በኋላ?

የመለስተኛ ደረጃ መምህር

ከሙከራው በፊት ይንገሯት፤ ገና እንዳልወሰናችሁም ጨምረው ይንገሯት። ልጆች ቤት ውስጥ በሹክሹክታ የሚወራውን ይሰማሉ፤ ካልተነገራቸውም የከፋውን ይገምታሉ። ስድስት ሳምንቱ ሲያልቅ የእሷንም ሐሳብ ጠይቋት፤ ጓደኞቿን የምታገኝበትንም ቀን ከአሁኑ ቁረጡላት።