«ማይን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነጠላ ነው ወይስ ብዙ?

ጥያቄ፣ ከቡሬ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ሰሞኑን ተማሪዎቼ በቤታቸው ስላሉት ከብቶች አጭር ድርሰት እንዲጽፉ አዝዤ ነበር። ብዙዎቹ «ዚስ ኦክስ ኢዝ ማይ» እያሉ ጽፈዋል፤ ይህን የተለመደ ስሕተት ማረም አያስቸግረኝም። አንድ ልጅ ግን የአጎቱ በሬዎች ቀያዮች፣ የእርሱ ሁለት በሬዎች ደግሞ ጥቁሮች መሆናቸውን ለመናገር ፈልጎ «ማይን ኢዝ ብላክ» ብሎ ጻፈ። እኔም «ኢዝ»ን ሰርዤ «አር» ብዬ አረምሁለት። ደብተሩን ይዞ መጣና «መምህር፣ ማይን ማለት የእኔ ማለት አይዶል? እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ታዲያ ለምን አር ይሆናል?» ሲል ጠየቀኝ። ሕጉን ነገርሁት፤ ምክንያቱን ግን ለእርሱም ለራሴም በሚያረካ መንገድ ማስረዳት አልቻልሁም። የምታውቁ ብታብራሩልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ልጁ «የእኔ» የሚለውን ቃል ፈትቶ «የ» እና «እኔ»ን ለይቶ ማየቱ በራሱ የሚያስመሰግነው ነው። ያላስተዋለው፣ «የእኔ» ከተባለ በኋላ ሳይነገር የቀረ አንድ ስም መኖሩን ነው።

በአማርኛ «የእኔ በሬ» ስንልም፣ «በሬው የእኔ ነው» ስንልም «የእኔ» አይለወጥም። እንግሊዝኛ ግን ይህን አንድ ሥራ ለሁለት ቃላት አከፋፍሎታል። «ማይ» ብቻውን መቆም ስለማይችል ከኋላው ስም ይፈልጋል፤ «ማይን» ግን ስሙን በውስጡ ይዞ ብቻውን ይቆማል። «ዚስ ኦክስ ኢዝ ማይ» የሚለው ጽሑፍ ስሕተት የሚሆነውም ዓረፍተ ነገሩ ገና ስም እየጠበቀ ስለተቋረጠ ነው። ስለዚህ «ማይን»ን «የእኔ» ብለን ከመፍታት ይልቅ፣ እንደ አገባቡ «የእኔው» ወይም «የእኔዎቹ» ብለን ብንፈታው ወደ እውነቱ እንቀርባለን። ተማሪዎ ከጎረቤት ልጅ ጋር ስለ ከብት ሲከራከር «የእኔዎቹ ጥቁሮች ናቸው» ይላል እንጂ «የእኔዎቹ ጥቁር ነው» አይልም። በዚህ አነጋገር ውስጥ «ዎች» የሚቆጥረው በሬዎቹን እንጂ እርሱን እንዳልሆነ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። እንግሊዝኛው «ማይን» ግን አንድ በሬ ቢሆን፣ ዐሥር በሬ ቢሆን መልኩን አይለውጥም፤ ቁጥሩን የመናገር ግዴታ የሚወድቀው ከኋላው በሚመጣው «ኢዝ» ወይም «አር» ላይ ነው። አስተማሪዎቻችን ሊንኪንግ ቨርብ (አሳሪ ግስ) የሚሉት ይህ ግስ የሚመለከተው ንብረቱን ነው፤ የንብረቱ ጌታ አንድም ይሁን ብዙ አያገባውም።

ልጁን በቀላሉ ለማስረዳት ነገሩን ገልብጠው ያሳዩት። መላው ቤተ ሰብ አንድ ጥቁር በሬ ብቻ ቢኖረው «አወርስ ኢዝ ብላክ» (የእኛው ጥቁር ነው) እንላለን። ባለንብረቶቹ ብዙዎች ናቸው፤ በሬው አንድ ስለሆነ ግን ግሱ ነጠላ ሆነ። በተቃራኒው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ቁጥር 10 ላይ፣ በ1611 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ኦል ማይን አር ዛይን፣ ኤንድ ዛይን አር ማይን» ይላል፤ «የእኔዎቹ ሁሉ የአንተ ናቸው፣ የአንተዎቹም የእኔ ናቸው» ማለት ነው። ተናጋሪው አንድ ነው፣ የሚያናግረውም አብ አንድ ነው፤ ግሱ ግን ሁለቱንም ጊዜ «አር» ነው። «ዛይን» የዛሬው እንግሊዝኛ የተወው የነጠላ «የአንተ» ሲሆን፣ «ማይ» ከ«ማይን» ጋር እንደሚሄድ ሁሉ «ዛይ» ከ«ዛይን» ጋር ይሄድ ነበር። በዚያው ዘመን «ማይን» ከአናባቢ በሚጀምር ስም ፊትም ይገባ ስለነበር በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ስምዖን «ማይን አይዝ» (ዓይኖቼ) ሲል ይገኛል። ተማሪዎች እንዲህ ያለውን አሮጌ ጽሑፍ ሲያዩ ሕጉ የፈረሰ እንዳይመስላቸው አስቀድሞ መንገር ጥሩ ነው።

እኛ ጎጃሞች ይህን ነገር ለመረዳት የቀረበ መንገድ አለን። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ቤት ያለፈ ሰው «ዚአየ»፣ «እንቲአየ» እና «እሊአየ» የሚሉትን የግእዝ ቃላት ያውቃል። ሦስቱም በአማርኛ «የእኔ» ተብለው ይፈታሉ፤ ነገር ግን «ዚአየ» ለወንድ፣ «እንቲአየ» ለሴት፣ «እሊአየ» ለብዙ ንብረት ነው። መጨረሻቸው ላይ ያለው «የ» ባለንብረቱን ሲያመለክት፣ መነሻቸው ንብረቱን ይቆጥራል። እንግሊዝኛ እንደ «እሊአየ» ያለ ቃል ቢኖረው ኖሮ ተማሪዎ ያንን ጥያቄ ባልጠየቀ ነበር። የእንግሊዝኛን ሰዋስው ስናስተምር ልጆቻችን በአካባቢያቸው ያለውን ይህን ሀብት ሳናሳያቸው መቅረታችን ከልብ ያሳዝነኛል።

በነገራችን ላይ «የኔታ» የሚለው የተወደደ መጠሪያችንም «የእኔ ጌታ» ከሚለው አጥሮ የመጣ ነው። ባለቤትነቱ በጊዜ ብዛት ስለደረቀ ዛሬ «የኔታችን» ብለን ሌላ ባለቤት ስንጨምርበት ማንም ሰው አይደናገርም። በእንግሊዝኛም «ማይ ሎርድ» ተጠቃልሎ «ሚሎርድ» ሆኗል።

ተጨማሪ ጥያቄ፣ ከዳንግላ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሊንኪንግ ቨርብን ካነሡት አይቀር፣ የእኔ ተማሪዎች «ዘ ሃኒ ቴይስትስ ስዊትሊ» እያሉ ይጽፋሉ። ከግስ በኋላ ተውሳከ ግስ ይመጣል ብለን ያስተማርናቸው ራሳችን ስለሆንን ምን ብዬ እንደማርማቸው ግራ ገባኝ።

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ

የአማርኛችን አፈጣጠር እዚህ ላይ ያሳስታል። እኛ «ማሩ ይጣፍጣል» ስንል ጣዕሙ ራሱ ግስ ነው፤ ሌላ ቃል አንፈልግም። የእንግሊዝኛው «ቴይስትስ» ግን በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማሩን ከጣፋጭነቱ ጋር ከማሰር በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ «ስዊት»ም የሚገልጸው ማሩን ስለሆነ ቅጽል ሆኖ ይቀራል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ግሱን አውጥተው በቦታው «ኢዝ»ን ያስገቡ። «ዘ ሃኒ ኢዝ ስዊት» ትርጉም ስለሚሰጥ «ቴይስትስ» አሳሪ ነው ማለት ነው። «ማይ ማዘር ቴይስትድ ዘ ሃኒ ኬርፉሊ» በሚለው ውስጥ ግን እንዲሁ ቢቀይሩ «እናቴ ማሩ ነበረች» የሚል የማይሆን ነገር ይወጣል፤ እዚያ ቃሉ እውነተኛ ድርጊትን ስለሚናገር፣ በጥንቃቄ መቅመሷን የሚገልጸው ተውሳከ ግስ በትክክል ገብቷል። «ሉክ»፣ «ስሜል» እና «ፊል»ም በሁለቱም መንገድ የሚያገለግሉ ግሶች ናቸው። «ሲም» እና «ቢካም» ደግሞ በአብዛኛው የእኛ «መሰለ» እና «ሆነ» የሚሠሩትን ይሠራሉ፤ «ፈረሱ የደከመ ይመስላል» የሚል ልጅ አሠራሩን አስቀድሞ ያውቀዋል።

ግእዙ እዚህም ይረዳል። «ውእቱ» አንድ ጊዜ «እርሱ» ተብሎ፣ ሌላ ጊዜ «ነው» ተብሎ ይፈታል፤ «ነው» ሲሆን ነባር አንቀጽ፣ ማለትም የማይለዋወጥ ግስ፣ ስለሆነ «አነ ውእቱ»፣ «አንተ ውእቱ» እያለ መልኩን ሳይለውጥ ለሁሉም ያገለግላል። አማርኛው ግን «ነኝ፣ ነህ፣ ነሽ፣ ነው፣ ናት» እያለ ባለቤቱን ሁሉ ይከተላል። እንግሊዝኛ በ«አም»፣ «ኢዝ» እና «አር» ብቻ ስለሚወሰን በሁለቱ መካከል ይገኛል። አንድ የሚያስቸግር ነገር ግን አለ፤ የእንግሊዝኛው «ኢዝ» የእኛን «ነው» እና «አለ» በአንድነት ይሸፍናል። «አለኝ»ን ግን አይሸፍንም፤ እርሱ «ሃቭ» የሚባል ራሱን የቻለ ግስ አለው። በዚህ ምክንያት «በሬ አለኝ» ለማለት ፈልጎ «ኦክስ ኢዝ ሚ» ብሎ የጻፈ ልጅ ደብተር በእጄ አልፏል። ይህንም ስሕተት ከስንፍና መቍጠር አይገባም፤ ልጁ አማርኛውን ቃል በቃል በታማኝነት ገልብጦታል።

ከቡሬ

መምህራን፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት «አወርስ ኢዝ ብላክ» የሚለውን በሰሌዳው ላይ ጽፌ ክፍሉን በሙሉ አወያየሁ። ከዚያም ያ ልጅ ድርሰቱን እንደገና ጽፎ አመጣልኝ። ከመጨረሻዎቹ መስመሮች አንዱ «ማይ ፋዘርስ ኦክሰን አር ኦልድ፤ ማይን ኢዝ ያንግ» ይላል። ብዕሬን አንሥቼ «ኢዝ»ን ልሰርዝ ስል ቆም አልሁና «የአንተዎቹ ስንት ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። «አንድ ወይፈን ነው መምህር፤ አያቴ የሰጠኝ» አለ። ሳልነካው መለስሁለት።