ከሐዋሳ ይርጋጨፌ በሳይክል፣ ዳገቱ ይቻላል?

የሐይቁ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ጓደኛሞች ነን። ከሐዋሳ ተነስተን በዲላ በኩል ይርጋጨፌ ድረስ በሳይክል ልንሄድ አስበናል። ሁላችንም ሳይክል ላይ ነው ያደግነው፤ ግን የሐዋሳ መንገድ ሜዳ ነው፣ ከአሞራ ገደል እስከ መናኸሪያ ብትነዳ እግርህ እንኳን አይደክምም። ካርታ ላይ ሳየው ዲላ ከሐዋሳ ዝቅ ትላለች። አንዱ ጓደኛችን ግን በመኪና ሲያልፍ ዳገቱ አላልቅ እንዳለው እየነገረ ያስፈራራናል። በአንድ ቀን ይርጋጨፌ መግባት ይቻላል? ሦስታችን ማርሽ ያለው ማውንቴን አለን፣ አንዱ ያለው ግን ማርሽ የሌለው ፎኒክስ ነው። እሱን ትተን መሄድ አንፈልግም።

ጠጋኙ፦
ጓደኛችሁ እውነቱን ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ዲላ 1,570 አካባቢ። ግን መንገዱ ዝም ብሎ አይወርድም። ከሲዳማ ደጋ ተነስተው ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርዱትን ወንዞች እያቋረጠ ነው የሚሄደው፤ ይርጋለም አጠገብ ያለው ጊዳቦ አንዱ ነው። ወደ ድልድዩ ትወርዳለህ፣ ከድልድዩ ትወጣለህ፣ ትንፋሽህ ሳይመለስ ሌላ ቁልቁለት ይመጣል። እስከ ዲላ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዲላ ይርጋጨፌ ደግሞ ወደ 40 ይጠጋል፣ እሷ 1,900 አካባቢ ስለሆነች በደከመ እግር ዳገት መግፋት ነው። ዲላ እደሩ።

ፎኒክሱን ሐዋሳ ተዉትና ለልጁ ማርሽ ያለው ፈልጉለት። ዳገቱንስ ገፍቶም ይወጣዋል፣ የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። የሁላችሁንም የፍሬን ጎማ አውጥታችሁ እዩት፣ መስመሩ ከጠፋ ቀይሩት። ያለቀ ከሆነ ብረቱ ቸርኬውን ይፍቀዋል፣ ዝናብ ከነካው ደግሞ ጭራሽ አይዝም። ስትወርዱ ፍሬኑን ጨብጣችሁ አትቆዩ፣ ቸርኬው ይግላል። የፊቱንም የኋላውንም ያዝ ለቀቅ አድርጉ።

ትርፍ ከመነዳሪ (ጎማው ውስጥ የሚነፋው ላስቲክ)፣ ፖምፓ፣ ማስቲሽና ብርጭቆ ወረቀት ያዙ። ጎማ ከተነፈሰ አዲሱን ከመነዳሪ አስገቡና ሂዱ፣ የተበሳውን ማታ ተረጋግታችሁ ትለጥፉታላችሁ። ማስቲሹ በደንብ ሳይደርቅ በጥድፊያ የተለጠፈ ዳገት መሃል ላይ ነው የሚከዳችሁ። አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት ግን የጎማውን ውስጥ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳሱት። እሾሁ እዚያው ካለ ሁለተኛውንም ይበሳዋል።

የዲላዋ፦
ኑ፣ ደስ ይለናል! ጊዜውን ግን ምረጡ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት እዚህ የበልግ ዝናብ ይበረታል። ከኅዳር እስከ ጥር ይሻላል። ያኔ ቡና የሚለቀምበት ስለሆነ መንገድ ዳር በየማድረቂያ አልጋው ላይ ተሰጥቶ ታያላችሁ፣ ሴቶቹ ቆመው የተበላሸውን እየለቀሙ ያወጣሉ። ቡና የጫነ አይሱዙም አብሮ ይበዛል፣ ስለዚህ ዳር ዳሩን፣ አንድ በአንድ ተከታትላችሁ ንዱ። ከሐዋሳ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ውጡና ሳይመሽ ዲላ ግቡ። ሲመሽ ከብቱም ሰዉም መብራት የሌለው ባጃጅም አስፋልቱ ላይ ነው።

ዲላ ሳትደርሱ መንገዱ ላይ ያለችው ጩኮ ከተማ ቆም ብላችሁ አናናስ ብሉ። ልጆች እየሮጡ ሳይክሉን ከኋላ ሊይዙ ይችላሉ፤ አትቆጡ፣ ቀነስ አድርጋችሁ ሰላም በሏቸው።

ከዲላ ወዲያ ያለውን ደግሞ እንደ መከራ አትዩት። የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የተመዘገበው በምክንያት ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ በመሃል ቡና፣ ሰው እየኖረበት እያረሰው ደን የሆነ ቦታ ነው። የቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮችም በዚያ አቅጣጫ ናቸው። ጊዜ ካላችሁ ሳታዩ አትለፉ፣ እኔ በበኩሌ ይርጋጨፌ ቶሎ ከመግባት እሱን እመርጣለሁ።

በሶ በማር፦
ከላይ ያሉት ጨርሰውታል፣ ስለ ጉልበት ብቻ ልጨምር። ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር አቅልሉት። ፔዳሉን በሙሉ ኃይል እየረገጣችሁ ከቀየራችሁ ካቴናው ይዘላል፣ ሲብስም ይበጠሳል። ሜዳ ላይ ደካማውን ፊት አድርጉና በእሱ ልክ ሂዱ። ዳገት ላይ ግን እያንዳንዱ በራሱ አቅም ይውጣ፣ ጫፍ ላይ ተጠባበቁ። ቀድሞ የወጣው አርፎ፣ የደረሰው ሳያርፍ ከተነሳችሁ ያ ልጅ ዲላ አይደርስም። ውሃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። በሶ በማርና በትንሽ ጨው በጥብጣችሁ በሃይላንድ ያዙ፣ ከብስኩት ይሻላል።

የሐይቁ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዲላ ማደሩ ተወስኗል። ፎኒክሱም ይቀራል፣ የአጎቴ ልጅ ማውንቴኑን ሊያውሰን ነው። የዲላዋ፣ አራት ሳይክል አስገብቶ የሚያሳድር ፔንሲዮን እናገኛለን?

የዲላዋ፦
ግቢ ያለው ሞልቷል። ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ግን ሳይክሉ የት እንደሚያድር ጠይቁ። ውጭ ነው ካሏችሁ ሌላ ፈልጉ፣ ወይ ክፍላችሁ ይዛችሁት ግቡ።