የዶርም ጓደኛችን ቲቢ ተገኘበት፤ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አንድ ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነን ነው የምንኖረው። ባለፈው ሳምንት ከእኔ አልጋ በላይ የሚተኛው ልጅ የሳንባ ቲቢ ተገኝቶበት መድኃኒት ጀመረ። ልጆቹ ወዲያው ኩባያና ማንኪያ ለዩበት። ካፌም ብቻውን ነው የሚበላው። አንጀቴን በላው። ግን እኔም ፈርቻለሁ። ከተማው ብርዳም ስለሆነ ማታ መስኮት አንከፍትም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የቲቢ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ቲቢ በኩባያ፣ በማንኪያ ወይም በመጨባበጥ አይተላለፍም። መንገዱ አየር ነው፤ የታመመው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያወራ። ስለዚህ ኩባያውን ተዉትና መስኮቱን ክፈቱ! ብርድ ልብስ ደርቡ እንጂ ዘግታችሁ አትደሩ። እሱ ለጊዜው ማስክ ያድርግ፤ ከተቻለ ለብቻው ይተኛ። መድኃኒቱን በትክክል ከወሰደ የማስተላለፍ አቅሙ በሳምንታት ውስጥ በጣም ይቀንሳል። አምስታችሁም ግን ተመርመሩ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራውም መድኃኒቱም ነጻ ነው። ከ2 ሳምንት በላይ ያሳለው፣ ማታ የሚያልበው ወይም የከሳ ካለ ዛሬውኑ ይሂድ። ከበሽታው ነጻ ከሆናችሁም ስለ ቲቢ መከላከያ መድኃኒቱ ጠይቁ።

ሌላ መልስ፦ እኔ ታክሜ ድኛለሁ። ሕክምናው 6 ወር ነው፤ 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር ሁለት ዓይነት። ከባዱ ሳሉ ጠፍቶ የዳኑ ሲመስል ነው። ያኔ ማቋረጥ ያምራል። ካቋረጠ ግን መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሊመጣ ይችላል። ክረምት ቤተሰብ ጋ የሚሄድ ከሆነ ከክሊኒኩ የዝውውር ወረቀት ቀድሞ ይያዝ። እናንተ ደግሞ አብራችሁት ብሉ፤ ብቻውን የተተወ ሰው መድኃኒቱንም ይሰለቻል።