ባለቤቴ ዓይኑ ላይ ጥላ እየወረደበት ነው፤ ቀጠሮ ግን ከአራት ወር በኋላ

ሰላም ወገኖቼ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የምንኖረው ፈረንሳይ፣ ኦርሌአን ከተማ ነው። ባለቤቴ ከትናንት ማታ ጀምሮ በቀኝ ዓይኑ ብልጭ ብልጭ የሚል ብርሃን ያያል፤ ጥቋቁር ነጠብጣቦችም እንደ ትንኝ ይዞሩበታል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ «ከጎን በኩል እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ጋረደኝ» አለኝ። ሕመም የለውም፣ ዓይኑም አልቀላም። ከልጅነቱ ጀምሮ የሩቁ ስለማይታየው ወፍራም መነጽር ነው የሚያደርገው። ለዚህ ነው ሬቲናው (ከዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) እየተላቀቀ እንዳይሆን ብዬ የፈራሁት።

ዶክቶሊብ በሚባለው የሐኪም ቀጠሮ መያዣ ድረ ገጽ ላይ ያገኘሁት የቅርብ ቀጠሮ ከአራት ወር በኋላ ነው። አንድ ክሊኒክ ደወልኩ፤ በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ «ዓይኑን አሞታል» ከማለት በላይ ማስረዳት አልቻልኩም፣ «በኢንተርኔት ቀጠሮ ያዙ» ብለው ዘጉት። የቤተሰብ ሐኪም ገና አላገኘንም።

ፓሪስ፣ ባስቲል አጠገብ ያለው የካንዝ ቫን ሆስፒታል የዓይን ድንገተኛ ክፍል እንዳለው አውቃለሁ። በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ የሄዳችሁ ካላችሁ፣ ያለ ሐኪም ደብዳቤ ተቀበሏችሁ? ምን ያህል ጠበቃችሁ? ወይስ መጀመሪያ ወደ 15 (የድንገተኛ ሕክምና ስልክ ቁጥር) ደውዬ እዚሁ አቅራቢያ ተረኛ የዓይን ሐኪም ልጠይቅ? ፈረንሳይኛ የምትችሉ ደግሞ «ብልጭታ ያያል፣ ጥላ እንደ መጋረጃ ወርዶበታል» የሚለውን በትክክል ጻፉልኝ፤ በወረቀት ገልብጬ ለነርሷ አሳያታለሁ።

ቀዶ ሕክምና ቢሉት ብዬ ቁርስ አላበላሁትም። አራት ሰዓት ላይ ወደ ባቡር ጣቢያው እንወጣለን፤ ስልኬን ከእጄ አልለይም።