አኩፓንክቸሪስት ለመሆን ከየት ልጀምር? (ቨርጂኒያ)

የቢታንያ እናት፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቄ እዚህ በአረጋውያን መንከባከቢያ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ እሠራለሁ። አዛውንቶቹ ወገብና ጉልበታቸውን ሲያማቸው እያየሁ አኩፓንክቸር (ሰውነት ላይ ቀጫጭን መርፌ በመትከል የሚሰጥ ሕክምና) መማር ፈለግሁ። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ተምራችሁ ሰርተፊኬት ትወስዳላችሁ የሚል ማስታወቂያ አይቻለሁ። በዚያ መሥራት ይቻላል? የአገር ቤት ዲግሪዬስ ይጠቅመኛል? ኑሮስ ያወጣል?

ዘሪሁን፦ እህቴ፣ እኔ ፈቃድ አውጥቼ የምሠራ ነኝ። በዚያ ሰርተፊኬት የሰው ወገብ ላይ መርፌ መትከል አትችይም፤ ገንዘብሽን እንዳታወጪ። በአጭር ሥልጠና የሚታወቀው ለሱስ ሕክምና ጆሮ ላይ የሚተከለው አምስት መርፌ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠው የግዛቱ የሕክምና ቦርድ ነው። እውቅና ካለው ትምህርት ቤት ማስተርስ ትይዣለሽ፣ ቢያንስ 3 የትምህርት ዓመት ነው። ከዚያ ኤንሲሲኤኦኤም በሚል ስም የሚታወቀው ተቋም የሚሰጠውን ብሔራዊ ፈተና ታልፊያለሽ፤ የንጹሕ መርፌ አያያዝ ኮርስም አለ።

ለመርፌ ይህ ሁሉ ዓመት ምን ያደርጋል ለሚል፦ በአንገትና በትከሻ ጫፍ መካከል ያለውን ነጥብ ለአንገት ሕመም ዘወትር እንጠቀምበታለን። ከሥሩ ግን የሳንባ ጫፍ አለ። መርፌው ከጠለቀ ሳንባ ይበሳል፣ አየር ደረት ውስጥ ይገባል፣ በሽተኛው ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል። ስለዚህ ጡንቻውን በጣት ቆንጥጠን ከፍ አድርገን፣ ጥልቀቱንም በሰውየው ውፍረትና ቅጥነት ለክተን ነው የምንተክለው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ነጥብ ደግሞ ለነፍሰ ጡር አንነካም። የተከልሽውን መርፌ ቆጥረሽ ትጽፊያለሽ፣ ስትነቅይም ትቆጥሪያለሽ፤ አንድ ከጎደለ በሽተኛው ከአልጋው አይነሣም።

ሳሮን፦ እትዬ፣ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዲግሪዎ በደንብ ይጠቅምዎታል። ለመግባት በአብዛኛው የሚጠየቀው የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ወይም ዲግሪ ነው። ትራንስክሪፕትዎን ግን እንደ ደብልዩኢኤስ ያለ የውጭ አገር ትምህርት መዛኝ ድርጅት መገምገም አለበት። ጎንደር ያለ ዘመድ ሬጅስትራር ቢሮ ድረስ ሄዶ ቢከታተልልዎ ይሻላል፤ በኢሜይል ብቻ የእኔ ብዙ ቆይቷል። ብድርም ቀድመው ይጠይቁ፤ ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ከሐምሌ 2026 (በፈረንጅ) ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ተዘግቷል። ሥራዎን ደግሞ መጀመሪያ ላይ ይዘው መቀጠል ይችላሉ፤ ክሊኒክ ልምምድ ሲመጣ ግን ቀኑን ይወስድብዎታል።

ጋሽ ታምራት፦ ልጄ፣ ስለ ኑሮው የምነግርሽ የራሴን ክፍል ተከራይቼ ስለምሠራ ነው። አብዛኞቻችን ተቀጣሪ ሳንሆን የራሳችንን ነው የምንሠራ፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይከብዳሉ። ለአንቺ አዛውንቶች ዋናው ጉዳይ ሜዲኬር፣ ማለትም የመንግሥቱ የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ ነው። ከ2020 ጀምሮ ሜዲኬር ለቆየ የወገብ ሕመም በ90 ቀን እስከ 12 ጊዜ፣ ለውጥ ከታየ 8 ጨምሮ ይከፍላል። የጉልበቱን አይከፍልም። የወገቡንም ቢሆን እኛ በስማችን ማስከፈል አንችልም፤ በሐኪም ወይም በነርስ ፕራክቲሽነር (ከፍተኛ ሥልጠና ባለው ነርስ) ሥር መሆን አለበት። አረጋውያንን ማከም ከሆነ ሐሳብሽ፣ ከሐኪም ክሊኒክ ጋር ለመሥራት ከወዲሁ አስቢ።

የእኛ ሰው ደግሞ ፈጥኖ ያምንሻል። ኩባያ ስናደርግ ያዩ እናቶች «ይሄማ ዋግምት ነው» ብለው ራሳቸው ጀርባቸውን ይሰጣሉ። በምላጭ እንደማንበጣ ግን ቀድመሽ ንገሪያቸው።

የቢታንያ እናት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ማስታወቂያውን ተውኩት። ከመመዝገቤ በፊት ሥራውን በዓይኔ የማይበት መንገድ አለ?

ሳሮን፦ አለ እትዬ። ትምህርት ቤቶቹ ተማሪዎች በአስተማሪ ሥር የሚያክሙበት ክሊኒክ አላቸው፤ ዋጋውም ከውጭው ይቀንሳል። እንደ ታካሚ ቀጠሮ ይያዙና ይሂዱ። መርፌ ሲተከልልዎ አስተማሪው ተማሪውን እንዴት እንደሚያርመው ይዩ፤ ከዚያ ሲወጡ ተማሪዎቹን ስለ ክፍያው በግልጽ ይጠይቋቸው።