«አበረታች»፣ «ኮከብ»፣ «ተተኪ»፦ በቤዝቦል ወሬ የሚገለበጡ ሦስት ቃላት

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ የቋንቋ ወዳጆች። አባቴ ከአዲስ አበባ ከመጡ ሦስተኛ ወራቸው ነው። ልጄ ቤዝቦል ይወዳል። እሳቸውም ከእሱ ጋር ቁጭ ብለው ማየት ለምደዋል። እኔ መሃል ሆኜ አስተረጉማለሁ።

ባለፈው ሳምንት የሆም ራን (ኳሱን ብዙ ጊዜ ከሜዳው አጥር የሚያሻግር ምት) ሪከርድ የሰበረው የባሪ ቦንድስ ነገር ተነሣ። «አበረታች መድኃኒት ወስዷል ተብሎ ይታማል» አልኳቸው። አባቴ፣ «ማበርታት ምን ክፋት አለው?» አሉ። ቀጠልኩ። «ሪከርድ የሰበረበት ኳስ ላይ ኮከብ ታተመበት» ስላቸው፣ «ይገባዋል!» አሉኝ። ከዚያ ልጄ የተጫዋቾች ዋጋ የሚለካበትን ቁጥር ሊያስረዳቸው ሲሞክር «ሪፕሌስመንት» የሚል ቃል መጣ። «ተተኪ» ብዬ ተረጎምኩት። እሳቸው የገባቸው ወጣትና ተስፋ ያለው ልጅ ነው። ልጄ ማለት የፈለገው ደግሞ ተቃራኒውን።

ሦስቱም ቃላት ስህተት አይደሉም። ጋዜጣ ላይ በየቀኑ አሉ። ግን አባቴ ጆሮ ሲደርሱ ሁሉም ምርቃት ሆኑ። ምን ብል ይሻለኝ ነበር?

መልስ፣ ከቀድሞ የአማርኛ መምህር

ልጄ፣ አባትሽ በትክክል ነው የሰሙት። «አበረታች» ከ«በረታ» የመጣ ነው። ሯጭ ሲያልፍ መንገድ ዳር ቆመን «በርታ! በርቺ!» የምንለው ከዚሁ ነው። «አበረታች ውጤት» ሲባል ደስ ይለናል። ስለዚህ ቃሉ ደግ ነው፤ ጥፋቱ ከውስጡ አይሰማም። አገር ቤት ጉዳዩን የሚከታተለው መሥሪያ ቤት ስሙ የኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን ነው። የአትሌቲክስ ዜና የሚከታተል ሰው «ፀረ» ከፊቱ ስለሚመጣ አይሳሳትም። ችግር የሚመጣው ቃሉ ብቻውን ሲቆም ነው።

«ቅመም» የተባለበትንም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ትዝ ይለዋል። የከተማ ልጆች ደግሞ የሚወዱትን ሰው «ቅመም» ይሉታል። ነገር ግን «ቀመመ» ወጥ ማጣፈጥ ብቻ አይደለም። መድኃኒትም ይቀመማል። ሥር ምሶ፣ ቅጠል በጥሶ፣ መጥኖ የሚደባልቀው ባለሙያ መድኃኒት ቀማሚ ይባላል። እንዲህ ሲታይ ቃሉ ለዶፒንግ ልክክ ይላል። እንግሊዝኛው «ዶፕ» ራሱ ከሆላንድኛ የተወሰደ ነው። እዚያ ማጥቀሻ፣ ወፍራም ስጎ ማለት ነበር። አሜሪካ ሲገባ መጀመሪያ መረቅ ነበር። ከዚያ ማንኛውም ወፍራም ድብልቅ ሆነ፣ ከዚያ ኦፒየም፣ ከዚያ ለውድድር ፈረስ በድብቅ የሚሰጥ ነገር። እኛም እነሱም ከጓዳ ተነሥተን እዚያው ደርሰናል። እኔ ይህን ባወቅሁ ጊዜ በጣም ነው የገረመኝ።

አሁን ወደ ቦንድስ ልምጣ። ዓመቶቹን የምጽፈው በእ.ኤ.አ. ነው። ሳን ፍራንሲስኮ አቅራቢያ ባልኮ የሚባል ቤተ ሙከራ ነበር። ለስፖርተኞች የሚሰጡት ሁለት ነገሮች የጓዳ ስም ወጥቶላቸው ነበር፤ አንዱ «ክሬሙ»፣ ሌላው «ክሊሩ»። ክሬሙ ይቀባል። ክሊሩ ከምላስ ሥር ጠብ ይደረጋል። ክሊሩን በአማርኛ ልመልሰው ብትዪ «ጥሩው» ይሆናል። ከ«ጠራ» ነውና፣ ጥሩ ውሃ፣ ጥሩ ወርቅ እንደምንለው። አየሽ፣ እዚህም ቃሉ ይመርቃል። ይህ ክሊር የተሠራው በምርመራ እንዳይታይ ተደርጎ ነው። በ2003 አንድ የሩጫ አሠልጣኝ ቅሪቱ ያለበትን መርፌ ለፀረ-ዶፒንግ ሰዎች ላከ። ሎስ አንጀለስ ያለው የዩሲኤልኤ ቤተ ሙከራም ምንነቱን ለየው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ቦንድስ ለፌዴራል ግራንድ ጁሪ (ክስ ይመሥረት አይመሥረት ብሎ ለሚወስን የዜጎች ጉባኤ) ቃሉን ሰጠ። የተሰጠው ነገር የተልባ ዘይትና የመገጣጠሚያ ሕመም ቅባት መስሎት እንደነበር ተናገረ። ተልባ! አባትሽ ይህን ቢሰሙ «እኔም በጾም ስንት ጠጥቻለሁ» ይሉሻል። ተልባ ደግሞ ሲነካ ይሙለጨለጫል። የቦንድስም ነገር እንደዚያው ሆነ። አሠልጣኝህ መርፌ ሰጥቶህ ያውቃል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የዝነኛ ተጫዋች ልጅ ሆኖ ስለማደጉ አወራ። በ2011 ጥፋተኛ የተባለው በዚህ ሙልጭልጭ መልስ ነው። ክሱ ፍትሕን ማደናቀፍ እንጂ ስቴሮይድ (ጡንቻ የሚገነባ መድኃኒት) መውሰድ አልነበረም። በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ስለዚህ «ይታማል» ያልሽው ቃል ልኩ ነው። አትለውጪው።

«አበረታች»ን ግን ለአባትሽ «ጉልበት ለመጨመር ተደብቆ የሚወሰድ፣ የተከለከለ መድኃኒት» በያቸው። ይረዝማል። ግን በአንዴ ይገባቸዋል።

ከፋርማሲ ባለሙያ

መምህር፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጨምር። የስቴሮይድ ወሬ ከመጀመሩ በፊት በቤዝቦል መልበሻ ክፍሎች የሚዞረው አምፌታሚን ነበር። ተጫዋቾቹ «ግሪኒስ» ይሉታል። አረንጓዴዎቹ ማለት ነው፣ ከክኒኑ ቀለም ተነሥተው። ታላቁ ሃንክ አሮን ራሱ አንድ ቀን ሞክሮት እንደነበር አምኗል። ሊጉ ተጫዋቾችን ለአምፌታሚን መመርመር የጀመረው በ2006 ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። እኛም ጫትን «ቅጠል» ብለን እናልፈዋለን። ጫት ውስጥ ያለው ካቲን በዓለም አቀፉ የፀረ-ዶፒንግ ዝርዝር ላይ አለ። በውድድር ጊዜ ሽንት ውስጥ ከተወሰነው መጠን ካለፈ ስፖርተኛውን ያስቀጣል።

እኔ የምለው ስቴሮይድንና አምፌታሚንን በአንድ «አበረታች» መጠቅለል ያደናግራል። ስቴሮይድ ጡንቻ ይገነባል። አምፌታሚን ያነቃል። ለሁለተኛው «አነቃቂ» የሚል ጥሩ ቃል አለን፤ እሱን እንጠቀም።

ከተርጓሚ

የእኔ ድርሻ ኮከቡ ነው። የእንግሊዝኛው «አስተሪስክ» በግሪክ ትንሽ ኮከብ ማለት ነው። ጽሑፍ ላይ ሲደረግ ግርጌውን ተመልከት ይላል። በቤዝቦል ውስጥ ግን ትርጉሙ ጠንክሯል። ይህ ቁጥር ነገር አለበት ማለት ሆኗል።

መነሻው ሮጀር ማሪስ ነው። ቤብ ሩት በ1927 በአንድ የውድድር ዘመን 60 ሆም ራን መትቶ ነበር። በ1961 ማሪስ 61 አደረሰው። ነገር ግን በዚያው ዓመት የማሪስ ሊግ የጨዋታ ብዛት ከ154 ወደ 162 አድጎ ነበር። የቤዝቦሉ ኮሚሽነር፣ ማለትም የበላይ ኃላፊው፣ ፎርድ ፍሪክ፣ ሪከርዱ ከ154 ጨዋታ በኋላ ከተሰበረ ለብቻው ተለይቶ ይመዘገባል ብሎ አስቀድሞ ወሰነ። ኮከብ ይደረግበት አላለም። መዝገብ ላይም ኮከብ አልተደረገም። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ተጻፉ እንጂ። ሕዝቡ ግን «የማሪስ ኮከብ» እያለ አወራ። መለያው የተነሣው በ1991 ነው። ማሪስ የሞተው በ1985 ነው። አንድም ቀን ያልተሳለ ኮከብ እስከ መቃብር ተከተለው። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል።

የቦንድስ ኮከብ ግን እውነተኛ ነው። በ2007 የሃንክ አሮንን የዕድሜ ልክ 755 ሆም ራን ያለፈበትን የ756ኛውን ኳስ ማርክ ኤኮ የሚባል የልብስ ዲዛይነር በ752,467 ዶላር ገዛው። ከዚያ ሕዝቡን በኢንተርኔት ድምፅ አሰጠ፤ ኳሱ እንዳለ ለሙዚየም ይሰጥ፣ ኮከብ ታትሞበት ይሰጥ፣ ወይስ ወደ ጠፈር ይተኮስ? ኮከቡ አሸነፈ። ኳሱ ኩፐርስታውን ወዳለው የቤዝቦል ሙዚየም የሄደው እንደዚያ ሆኖ ነው።

እኅቴ፣ አባትሽ «ይገባዋል» ማለታቸው አይገርምም። በእኛ ቋንቋ ኮከብ የሚሰጠው ለኮከብ ተጫዋች፣ ለኮከብ ግብ አግቢ ነው። ሰውዬው ኮከቡ በራለት እንላለን። «የጥያቄ ምልክት ተደረገበት» ብትያቸው ይሻላል። እሱ በአማርኛ ጥርጣሬውን በደንብ ይሸከማል።

ሳልረሳው፣ «አራት ነጥብ»ንም ልጥቀስ። በመጋቢት 2005 ራፋኤል ፓልሜሮ የሚባል ተጫዋች ኮንግረስ ፊት ጣቱን ቀስሮ ስቴሮይድ ወስጄ አላውቅም አለ፤ ሲጨርስም «ፒሪየድ» ብሎ ዘጋው። ይህን «አራት ነጥብ» ብዬ ስተረጉመው ምንም አልጎደለበትም። እኛም ክርክር ስንዘጋ እንደዚያ ነው የምንለው። በነሐሴ ወር ግን ስታኖዞሎል በሚባል ስቴሮይድ ምክንያት ታገደ።

እንደገና ከመምህሩ

«ተተኪ» ቀረ። ልጅሽ ሊያስረዳ የሞከረው፣ ዎር የሚባለው መለኪያ እንዲህ ይላል። አንድን ተጫዋች አውጣና በቦታው ከታችኛው ሊግ በቀላሉ የሚገኝ ተራ ሰው አስገባ። ቡድኑ ስንት ድል ይቀንሳል? ያ ነው የተጫዋቹ ዋጋ። ሁሉም ተጫዋቾቹ እንዲህ ያሉ ተራ ሰዎች የሆኑበት ቡድን ከ162 ጨዋታ 48 ያህል ያሸንፋል ተብሎ ይታሰባል። በእኛ የስፖርት ዜና ተተኪ ማለት ለነገ የሚኮተኮት ልጅ ነው። እዚህ ግን የመጨረሻው ዝቅተኛ መስመር ነው። «ማሟያ» በዪው። ለማሟያ የገባ ሰው ሲባል አባትሽ ወዲያው ይይዙታል።

ቦንድስ በዚህ ልኬት ከማሟያ ተጫዋች በላይ ከ160 የሚበልጥ ድል አስገኝቷል። ቁጥሩ ግን ጡንቻው ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ሚዛን ኩንታሉን ይመዝናል እንጂ ጤፉ ከማን ማሳ እንደታጨደ አይነግርሽም።

አንድ ያልጠየቅሽውን ልንገርሽ። የተጫዋች «ግምገማ» አትበያቸው። በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ የተቀመጠ ሰው ቃሉን ሲሰማ ስብሰባው፣ ሂስና ግለሂሱ ነው የሚታየው። ለዎር «ምዘና» ይበቃል።

የኩፐርስታውኑ የዝነኞች አዳራሽ ምርጫ ግን በእውነት ግምገማ ነው። ድምፅ የሚሰጡት የቤዝቦል ጋዜጠኞች ናቸው። ደንባቸው የተጫዋቹን ውጤትና ችሎታ ይጠቅሳል። ሐቀኝነትን፣ ስፖርታዊ ጨዋነትንና ጠባይንም ከዚያው ጋር ይጠቅሳል። ለመግባት 75 በመቶ ያስፈልጋል። ዕድሉ ቢበዛ ለ10 ዓመት ነው። በ2022፣ በመጨረሻ ዓመቱ፣ ቦንድስ 66 በመቶ አገኘ። እንደ እሱ የሚታማው ኳስ ወርዋሪ ሮጀር ክሌመንስ 65.2 አገኘ። ሁለቱም ቀሩ። በዚያው ቀን ዴቪድ ኦርቲዝ በ77.9 ገባ። የእሱም ስም በ2003 ምስጢራዊ የሙከራ ምርመራ ዝርዝር ውስጥ ነበር ተብሎ በ2009 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ወጥቶ ነበር። ኦርቲዝ እየሳቀ ሰላም የሚል ሰው ነው። ቦንድስ ጋዜጠኛ አይወድም ነበር። ስለዚህ «ጠባይ» የሚለው ቃል እዚያ ድምፅ መስጫ ላይ የተከለከለ ነገር አለመውሰድ ማለት ነው ወይስ ተግባቢ መሆን? አንድ ቃል ሁለቱን ተሸክሟል። ይህ ነው እኔን የሚያሳስበኝ።

በአገራችን እግር ኳስ የፀባይ ዋንጫ የሚባል አለ። የሻምፒዮናው ዋንጫ ለብቻው፣ የፀባዩ ለብቻው ነው። እኔ ድምፅ ቢኖረኝ ቦንድስን አስገባው ነበር። ከስሙ ሥር ግን ክሬሙን፣ ክሊሩን፣ የተልባ ዘይቱን ሁሉንም በሙሉ ዓረፍተ ነገር አስጽፍ ነበር። ኮከብ አላደርግበትም።

ከጠያቂዋ

መምህር፣ ሁላችሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ለአባቴ አነበብኩላቸው። «ማሟያ» ስል ሳቁና «አሁን ገባኝ» አሉ። ከዚያ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ለመሆኑ እነሱስ የፀባይ ዋንጫ የላቸውም?» ብለው ጠየቁ።

ከመምህሩ

አላቸው ልጄ። በሮቤርቶ ክሌሜንቴ ስም የሚሰጥ ሽልማት ነው። ክሌሜንቴ የፖርቶ ሪኮ ሰው ነበር። በ1972 የመጨረሻ ቀን፣ ኒካራጓ ውስጥ በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ ሰዎች እርዳታ ይዞ ሲሄድ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሽልማቱ በጨዋታውም በመልካም ሥራውም ለተመሰገነ ተጫዋች በየዓመቱ ይሰጣል።

በ1998 የወሰደው ሳሚ ሶሳ ነው። በዚያው ዓመት 66 ሆም ራን መትቷል። ከዚያ በኋላ በእሱም ላይ የስቴሮይድ ጥርጣሬ መጣ። በ2024 መጨረሻ ደብዳቤ ጽፎ ይቅርታ ጠየቀ። ከጉዳት ለማገገም ያልሞከረው ነገር እንዳልነበረ ገለጸ፣ ሕግ ግን አልጣስኩም አለ። የመድኃኒት ስም አልጠራም። በእንግሊዝኛ የተጠቀመበት ቃል «ሚስቴክስ» ነው። እኔ እስካሁን «ስህተት» ልበለው ወይስ «ጥፋት» አልወሰንኩም። ሰው ሳያውቅ ይሳሳታል፤ እያወቀ ግን ያጠፋል። አባትሽን ጠይቂልኝ፣ እሳቸው የቱን ይመርጣሉ?