የሞርጌጅ ትርጉም እና የአያቴ ወለድ አግድ

ሰላም ወገኖች። ቤት ለመግዛት ለምታስቡ አንድ ቃል ላካፍላችሁ።

ለጥምቀት ጎንደር ገብቼ ነበር። አዘዞ አጎቴ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ «ቤት ገዛህ አሉ፤ እንኳን ደስ አለህ» አሉኝ። «ገና የባንክ ነው፣ ሞርጌጅ አለበት» አልኳቸው። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» «የቤት ብድር።» አልረኩም። «ቃሉ ራሱስ ምን ማለት ነው?» መልስ አጣሁ። በየወሩ እየከፈልኩበት ትርጉሙን አላውቀውም።

ማታ ፈለግኩት። ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። «ሞርት» ሙት፣ «ጌጅ» ደግሞ መያዣ። የሞተ መያዣ! እንግሊዞች «ት»ን ይጽፏታል እንጂ አያነቧትም። «ኢንጌጅመንት» ውስጥ ያለችውም ያቺው «ጌጅ» ናት።

ለምን ሙት ተባለ? የ17ኛው ክፍለ ዘመኑ እንግሊዛዊ የሕግ ሰው ኤድዋርድ ኮክ እንዲህ አስረድቷል፦ ተበዳሪው ካልከፈለ መሬቱ ለእሱ ሞተ፤ ከከፈለ መያዣው ለአበዳሪው ሞተ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ግን ነገሩ ሌላ ነበር። አበዳሪው መሬቱን ይዞ ምርቱን ይበላል። ምርቱ ከዕዳው የሚቀነስ ከሆነ መያዣው «ሕያው» ነው። ካልተቀነሰ «ሙት»።

ጠዋት ይህን ስነግራቸው አጎቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ይሄማ ወለድ አግድ ነው!»

አያቴ ደምቢያ ያለ መሬታቸውን በወለድ አግድ ሰጥተው ነበር። አበዳሪው በወለድ ፈንታ ያርሳል። ጤፉ እሱ ጎተራ ይገባል፤ ዋናው ብር ግን ንቅንቅ አይልም። አጎቴ ልጅ ሆነው ማሳው ዳር ቆመው፣ በገዛ መሬታቸው ሌላ ሰው ሲያጭድ ያዩ ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ እስኪመጣ እንደዚያው ቆየ።

የብድር ወረቀታችሁ ላይ «አሞርታይዜሽን» የሚል ሰንጠረዥ ታገኛላችሁ። ይህም ከዚያው ከሞት የመጣ ቃል ነው፤ ዕዳን ቀስ በቀስ መግደል ማለት ነው። የእኔን ስልኬ ላይ ከፍቼ አሳየኋቸው። ብድሩ ረጅም ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያ አብዛኛው ወለድ ነው። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው የወለዱን ዓምድ በጣታቸው ወደ ታች ተከተሉ። «ታዲያ ጤፉን የሚበላው ባንኩ ነዋ» አሉ።

ከመፈረማችሁ በፊት ተጨማሪ ስትከፍሉ በቀጥታ ከዋናው ይቀነስ እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ከተመለስኩ ወዲህ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ዋናው ላይ እየጨመርኩ ነው። እናንተ ባላችሁበት አገር ቀድሞ መክፈል ቅጣት አለው?